ስለ ባታኮች ሲወራ የሚደጋገሙ ስህተቶች

ባታክ ሲባል ባቲክ የሚመስላቸው ብዙ ናቸው። ባቲክ በሰም እየተከለለ የሚነከር ጨርቅ ነው፤ ስሙ የገነነውም በጃቫ ነው። ባታኮች በኢንዶኔዥያ፣ በሰሜን ሱማትራ፣ በቶባ ሐይቅና በአካባቢው የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። የክብር ጨርቃቸው ኡሎስ ይባላል። ፊሊፒንስ ውስጥ፣ ፓላዋን ደሴት ላይም ባታክ የሚባል ሕዝብ አለ። እሱ ሌላ ነው።

"ባታክኛ" የሚባል አንድ ቋንቋ ያለ ማስመሰል

ትልቁ ስህተት ይሄ ነው። ባታክ ከሚባሉት ውስጥ ቶባ፣ ካሮ፣ ሲማሉንጉን፣ ፓክፓክ፣ አንግኮላ እና ማንዳይሊንግ የሚባሉ ሕዝቦች አሉ። ቋንቋዎቻቸው ይዛመዳሉ፣ ግን አንድ አይደሉም። ቶባ፣ አንግኮላ እና ማንዳይሊንግ ይቀራረባሉ። ካሮ እና ፓክፓክ የሰሜኑ ቅርንጫፍ ናቸው። አንድ ካሮ እና አንድ ቶባ በየአፍ መፍቻቸው ቢያወሩ አይግባቡም፤ ወደ ኢንዶኔዥያኛ መዞር አለባቸው። ሰላምታው ራሱ ይለያያል። ቶባዎች "ሆራስ" ይላሉ፣ ካሮዎች "መጁዋህ-ጁዋህ"። የካሮዎቹ ከተማ ብራስታጊ ገብቶ "ሆራስ!" ማለት የጎረቤትን ሰላምታ ይዞ መሄድ ነው።

የራሳቸው ጥንታዊ ፊደልም አላቸው። ዳቱ የሚባሉት አዋቂዎች ከዛፍ ልጥ በተሠሩ መጻሕፍት ላይ ይጽፉበት ነበር። ዛሬ የዕለት ጽሑፋቸው በላቲን ነው።

ሁሉንም ባታክ ብሎ መጥራት

ቶባዎች ስሙን በኩራት ይይዙታል። ብዙ ማንዳይሊንጎች ግን "እኛ ማንዳይሊንግ እንጂ ባታክ አይደለንም" ይላሉ፤ እንዲህ የሚሉ ካሮዎችም አሉ። ስሙን እንደ ጃንጥላ ሁሉም ላይ የዘረጉት በተለይ የሆላንድ ቅኝ ገዢዎችና ሚሲዮናውያን ናቸው። ሃይማኖትም ገባበት። ማንዳይሊንጎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ አካባቢ፣ ፓድሪ የተባሉ የእስልምና ተሐድሶ አራማጆች በተዋጉበት የፓድሪ ጦርነት ዘመን፣ በስፋት ሰለሙ። ወደ ቶባዎች ደግሞ ከ1860ዎቹ ጀምሮ ኖመንሰን የተባለው ጀርመናዊ ሚሲዮናዊና ባልደረቦቹ ወንጌል ይዘው ገቡ። ስለዚህ "ባታክ ሁሉ ክርስቲያን ነው" የሚለውም አያስኬድም። በነገራችን ላይ የቶባዎቹ ትልቁ ቤተ ክርስቲያን እንደ እኛው መካነ ኢየሱስ የዓለም ሉተራን ፌዴሬሽን አባል ነው።

ሁለተኛውን ስም የአባት ስም ማድረግ

እኛ በቀላሉ የምንወድቅበት ይሄ ነው። አብዱል ሃሪስ ናሱሽን የሚባሉ ታዋቂ ጄኔራል ነበሩ፣ ማንዳይሊንግ ናቸው። ናሱሽን አባታቸው አይደለም፤ ማርጋቸው ነው፣ ማለትም በአባት በኩል የሚወረስ የጎሳ ስም። አንድ ማርጋ ያላቸው ሰዎች እንደ እህትና ወንድም ይቆጠራሉ፤ በባህሉ በአብዛኛው መጋባት አይችሉም። እኛ ሰባት ቤት ቆጥረን እንለቃለን። እነሱ ዘንድ በጥቅሉ ትውልዱ የቱንም ያህል ቢርቅ ማርጋው ይከለክላል።

"ማርጋህ ማን ነው?" ብሎ መጠየቅ ነውር የሚመስለው አለ። በተለይ ቶባዎች ሲተዋወቁ ቶሎ የሚጠያየቁት ይህንኑ ነው፤ ማን ለማን አጎት፣ ማን ለማን አማች እንደሆነ የሚለየው ከዚያ በኋላ ነው።