«እነርሱ» እና «አንተ ግን»፦ ብሉይ ኪዳንን በሁለት ዓምድ ማንበብ

ለዚህ ንባብ የሚያስፈልጋችሁ መጽሐፍ ቅዱስ፣ ባለ መስመር ደብተር፣ አንድ ቀይና አንድ ሰማያዊ እስክሪብቶ ነው። ድሬዳዋ ለምትኖሩ ሰዓቱም ይታሰብበት፤ እኛ ስድስት ሴቶች ከዚራ በሚገኘው ግቢዬ የምንቀመጠው ከቀኑ 11 ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል ነው። የደብተራችሁን ገጽ በመስመር ለሁለት ክፈሉት። በግራው ራስ ላይ «እነርሱ»፣ በቀኙ ራስ ላይ «አንተ ግን» ብላችሁ ጻፉ። እኔ በዚህ መንገድ ማንበብ ከጀመርኩ 12 ዓመት ሆኖኛል፤ ለምን እንደጀመርኩ ወደ በኋላ እነግራችኋለሁ።

ሁለቱን ርእሶች የወሰድኳቸው ከመጽሐፈ ነህምያ ምዕራፍ 9 ነው፤ እናንተም ከዚያ ጀምሩ። ከምርኮ የተመለሱት ሰዎች በሰባተኛው ወር በ24ኛው ቀን ጾመው፣ ማቅ ለብሰው ተሰበሰቡ። የቀኑን ሩብ የሕጉን መጽሐፍ ሲያነቡ፣ ሌላውን ሩብ ሲናዘዙና ሲሰግዱ ዋሉ። ከዚያ ሌዋውያኑ ተነሥተው ረጅም ጸሎት አደረጉ፤ ከፍጥረት ተነሥተው አብርሃምን፣ ግብፅን፣ ባሕሩን፣ መናውን ቆጠሩ። ቁጥር 16 ላይ ነገሩ ይገለበጣል፦ አባቶቻችን ግን ታበዩ፣ አንገታቸውን አደነደኑ። ቁጥር 17 መልሶ ይገለብጠዋል፦ አንተ ግን ይቅር ባይ አምላክ ነህ፣ አልተውሃቸውም። እስከ ቁጥር 31 ድረስ እንዲህ እየተመላለሰ ይሄዳል። የእነርሱን በቀይ፣ የእርሱን በሰማያዊ ጻፉ። ስትጽፉ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ አንብቡ፤ ይህ መመላለስ ለዓይን ከሚታየው ይልቅ ለጆሮ ይሰማል።

የግራው ዓምድ ሕግ አንድ ነው፦ አትከራከሩላቸው። ከመካከላችን አንዷ አብርሃምን እንደ ገዛ አባቷ የምትወድ ሴት ናት። ዘፍጥረት 12 ላይ ሚስቱን እኅቴ ናት ያለበት ቦታ ስንደርስ ተጨነቀች። ረኃብ ነበር፣ ግብፃውያንን ፈርቶ ነው፣ ደግሞም ሣራ በእርግጥ የአባቱ ልጅ ናት ብላ ተሟገተችለት። ያለችው ሁሉ በመጽሐፉ አለ፤ የመጨረሻውን ምክንያት አብርሃም ራሱ በምዕራፍ 20 ለአቢሜሌክ አቅርቦታል። ነገር ግን በምዕራፍ 20 ያንኑ ነገር ለሁለተኛ ጊዜ አድርጎታል፤ መጽሐፉም ሁለቱንም ጊዜ ጽፎ አስቀመጠ። ነገሥታት ድላቸውን በድንጋይ ላይ በሚያስቀርጹበት ዘመን ይህ ሕዝብ የአባቱን ፍርሃት፣ የንጉሡን ዝሙት፣ ካህኑ የሠራውን ጥጃ ለልጅ ልጁ አስተላለፈ። እነርሱ ያልሸፈኑትን እኛ ከሸፈንነው በቀኙ ዓምድ የምንጽፈው አናገኝም።

ዓመቶችንም መዝግቡ። አብርሃም ከካራን ሲወጣ 75 ዓመቱ ነበር፤ እስማኤል ሲወለድ 86፣ ይስሐቅ ሲወለድ 100። የተስፋው ቃል 25 ዓመት ተጠብቋል። ከዚያ ምዕራፍ 15ን ቀስ ብላችሁ አንብቡ። በዚያ ዘመን ቃል ኪዳን የሚገቡ ሰዎች እንስሳ ለሁለት ከፍለው በቁራጮቹ መካከል ያልፉ ነበር፤ ቃሉን ያፈረሰ እንደዚህ እንስሳ ይሁን እንደማለት ነው። ኤርምያስ 34፥18 ይህንኑ ሥርዓት ያነሣል። አብርሃም ጊደሯን፣ ፍየሏንና በጉን ከፈለ፤ ፀሐይ ስትገባ ግን ከባድ እንቅልፍ ወደቀበት። በቁራጮቹ መካከል ያለፈው የሚጤስ ምድጃና የእሳት ነበልባል ብቻ ነው። አብርሃም አላለፈም። የሚቀጥለው ምዕራፍ የአጋር ታሪክ ነው። ሁለቱን ምዕራፎች በአንድ ገጽ ፊት ለፊት ጻፏቸው። እኔ ከብዙ ስብከት ይልቅ ከዚህ ገጽ ተምሬአለሁ።

በቀኙ ዓምድ «እግዚአብሔር ቸር ነው» ብላችሁ አትለፉ። ያደረገውን ጻፉ፦ ሰማ፣ አሰበ፣ ታገሠ፣ መናውን አልከለከለም። ዘጸአት 32 ላይ ጥጃው ተሠራ፤ «ባለ ብዙ ቸርነትና እውነት» የሚለው ስም የታወጀው ከዚያ በኋላ፣ በምዕራፍ 34 ቁጥር 6 ነው። ቅደም ተከተሉን በቀይና በሰማያዊ ስታዩት ልብ ይነካል። በዚህ ቁጥር «ቸርነት» የተባለው በዕብራይስጡ ሄሴድ ነው፤ በቃል ኪዳን ለተሳሰሩት የሚደረግ፣ የማይቋረጥ በጎነት። «እውነት» የተባለው ኤሜት ደግሞ ለእኛ ባዕድ አይደለም። አሜን፣ እምነት፣ ታማኝ ከምንላቸው ቃላት ጋር ሥሩ አንድ ነው። ሙስሊም ጎረቤቶቻችን አደራን «አማና» የሚሉትም ከዚሁ ሥር ነው።

በገጹ ግርጌ አንድ መስመር ለዋጋው ተዉ። ይህን መስመር የሚዘል ሰው ታማኝነትን ከቸልተኝነት ጋር ያምታታል። ሙሴ በመሪባ ውኃ ምክንያት ወደ ምድሪቱ አልገባም። ምድሪቱን በሰለሉበት 40 ቀን ልክ ስለ አንዱ ቀን አንድ ዓመት ተቈጥሮባቸው 40 ዓመት በምድረ በዳ ቆዩ። ዳዊት ይቅር ተብሎ ልጁ ሞተ። በመጽሐፈ መሳፍንት ደግሞ ቁጥሮቹን አስፍሩ፦ 8 ዓመት መገዛት፣ 40 ዓመት ዕረፍት፤ 18 ዓመት መገዛት፣ 80 ዓመት ዕረፍት፤ 20 እና 40፤ 7 እና 40። እንዲህ ሲደረደር ጥፋት ሲገባ ምሕረት የሚወጣበት ወፍጮ ይመስላል። ምዕራፍ 10 ላይ ግን «ሂዱ፣ ወደ መረጣችኋቸው አማልክት ጩኹ» የሚል መልስ ይመጣል። ከሁለት ቁጥር በኋላ ነፍሱ ስለ እስራኤል ጉስቁልና አዘነች ይላል። ሁለቱንም በሰማያዊ ጻፉ፤ አንዱን መርጣችሁ ሌላውን አትተዉ።

ደቻቱን የምናውቅ ሰዎች አንዳንድ ጥቅስ ከደገኛው ይልቅ ቶሎ ይገባናል። ወንዛችን አብዛኛውን ዓመት አሸዋ ነው፤ ውኃ ፈልጎ የወረደ ሰው ባዶ እጁን ይመለሳል። ኤርምያስ በ15፥18 እግዚአብሔርን የሚጠይቀው በዚህ ቋንቋ ነው፦ እንደሚያታልል ምንጭ፣ እንዳልታመነ ውኃ ትሆንብኛለህን? እዚህም «ያልታመነ» የሚለው ከዚያው የአሜን ሥር ነው። ይህን በግራው ዓምድ አትጻፉት፤ ጩኸት ክህደት አይደለም። እኛ በመካከለኛው መስመር ላይ፣ ሁለቱን ዓምዶች አሻግረን እንጽፈዋለን። በግራ የሚገባው ሆሴዕ 6፥4 ነው፤ በዚያ የሕዝቡ ሄሴድ እንደ ማለዳ ጉምና ማልዶ እንደሚያልፍ ጠል ተብሏል። የድሬዳዋ ጠል እስከ ስንት ሰዓት እንደሚቆይ ታውቃላችሁ።

በ1998 ዓ.ም. ክረምት ደቻቱ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ሲሞት ቤቴ ከወንዙ ዳር ነበር። የ4 ዓመት ልጄ በጨለማ ከእጄ አመለጠ። ሲነጋ ጎረቤቴ ታቅፋው አገኘኋት፤ ሌሊቱን ሙሉ ከጣሪያዋ ላይ ይዛው ኖሯል። ስታስረክበኝ «አማናሽን ተቀበዪ» አለችኝ። እኔ በዚያች ሌሊት ለቁልቢ ገብርኤል ተስዬ ነበር፤ ልጄ በሕይወት ከተገኘ በታኅሣሥ 19 ከደንገጎ ጀምሬ በእግሬ ሄጄ ጥላ አስገባለሁ ብዬ። ታኅሣሥ ሲመጣ ቤት የለኝም አልኩ። በሚቀጥለው ዓመት ሥራ በዛብኝ አልኩ። በሦስተኛው ምክንያት መስጠቱንም ተውኩት። እንዲህ 6 ታኅሣሥ አለፈ። አንድ ቀን ዳዊት ስደግም መዝሙር 105 ላይ፣ በዕብራይስጡ አቈጣጠር 106 ላይ፣ ደረስኩ። ውኃው ጠላቶቻቸውን ደፈናቸው፤ በዚያን ጊዜ ቃሉን አመኑ፣ ምስጋናውንም ዘመሩ፤ ፈጥነው ሥራውን ረሱ። ከውኃው እስከ መርሳቱ ሦስት ቁጥር ብቻ ነው። መጽሐፉን ዘግቼ አለቀስኩ። በ2005 ዓ.ም. ታኅሣሥ ጥላውን ይዤ በእግሬ ሄድኩ፤ ልጄም አብሮኝ ሄደ፤ ያኔ ቁመቱ ከትከሻዬ ደርሶ ነበር።

በዚያው መዝሙር ቁጥር 6 ላይ ዘማሪው «ከአባቶቻችን ጋር ኃጢአት ሠራን» ይላል። ስለዚህ ጊዜው ሲደርስ አንድ ገጽ ለራሳችሁ ክፈቱና በግራው ራስ ላይ «እነርሱ» በሚለው ፈንታ «እኔ» ብላችሁ ጻፉ። አትቸኩሉ፤ ሌሎችን ለብዙ ወራት ሳያነቡ ይህን ገጽ መክፈት ወይ ራስን ወደ ማሳመር ወይ ራስን ወደ መርገም ይወስዳል። ሰው የበደላችሁን በዚህ ዓምድ አትጻፉ። በደሉን የተሸከማችሁለት ሌላ ሰው ካለ የእርሱን ጥፋት እንደ ራሳችሁ አትቁጠሩት። ገጹን ለማኅበር ማንበብም ግዴታ አይደለም፤ ከስድስታችን ሁለቱ እስከ ዛሬ አላነበቡም፤ ማንም አልጠየቃቸውም።

በመጨረሻ ወደ ነህምያ ተመለሱ። ያ ረጅም ጸሎት ሲያበቃ ሕዝቡ በጽሑፍ ይማማላል፤ ያ የጽሑፍ ውል በዕብራይስጡ አማና ይባላል። ምዕራፍ 10 የፈራሚዎቹን ስም ይዘረዝራል፤ ልጆቻችንን ለአሕዛብ አንድርም፣ በሰንበት አንገዛም፣ የአምላካችንን ቤት አንተውም አሉ። ቀጥላችሁ ምዕራፍ 13ን አንብቡ። ነህምያ ወደ ንጉሡ ሄዶ ሲመለስ ሌዋውያኑ ድርሻቸው ስላልተሰጣቸው ወደየእርሻቸው ሸሽተዋል፣ በሰንበት ወይን ይረገጣል፣ የጢሮስ ሰዎች ዓሣ ይሸጣሉ፣ ከአዛጦን ሴቶች የተወለዱት ልጆች የአይሁድን ቋንቋ መናገር አያውቁም። ሦስቱም ቃል ፈርሷል። በዚህ ምዕራፍ «አንተ ግን» የሚል ቁጥር ፈልጋችሁ አታገኙም። ከሌላ ቦታ አምጥታችሁ አትሙሉት። ነህምያ በመጨረሻው ቁጥር ላይ ያለው «አምላኬ ሆይ፣ በመልካም አስበኝ» ብቻ ነው፤ በቀኙ ዓምድ በሰማያዊ እርሱን ጻፉ።