ቀላል የቻት ሰርቨር ስትጽፉ የምትሠሯቸው ስህተቶች

ለአነስተኛ ኔትወርክ የሚሆን የቻት ሰርቨር መጻፍ የሚጀምር ሰው ብዙ ነው። ደስ ይላል። ኢንተርኔት በሌለበትም የሚሠራ፣ አሮጌ ኮምፒውተር ላይ የሚሮጥ፣ ኮዱ ለሁሉም ክፍት የሆነ ፕሮግራም ሁሌም ያስፈልጋል። ግን "እስቲ ኮዱን እይልኝ" ብለው ሲልኩልኝ የማገኘው ስህተት ያው ነው። ልጻፈውና ልገላገል።

በጣም ከሚያናድደኝ ልጀምር። ከሶኬት (ፕሮግራሙ ከኔትወርክ ጋር የሚገናኝበት በር) አንዴ አንብቦ፣ የመጣውን ሁሉ አንድ ሙሉ መልእክት ነው ብሎ መውሰድ። ወገን፣ ቲሲፒ (ዳታ ከኮምፒውተር ኮምፒውተር የሚያደርሰው የኔትወርክ ደንብ) መልእክት የሚባል ነገር አያውቅም! የሚያውቀው ባይት ብቻ ነው። ባይቶቹን በቅደም ተከተላቸው ያደርስላችኋል። አንዱ መልእክት የት አልቆ ሌላው የት እንደሚጀምር ማወቅ የእናንተ ሥራ ነው። ላኪው "ሰላም" ብሎ ወዲያው "የት ናችሁ" ቢል፣ ሰርቨሩ ጋ "ሰላምየት ናችሁ" ሆኖ ሊደርስ ይችላል። ወይም "ሰላ" አሁን ይመጣል፣ "ም" ቆይቶ። በሁለቱም ቲሲፒ አላጠፋም።

ተንኮሉ፣ ይሄ ነገር በራሳችሁ ኮምፒውተር ላይ ስትሞክሩት ብዙውን ጊዜ አይታይም። ሊኑክስ ላይ ሎካልሆስት (ኮምፒውተሩ ከራሱ ጋር የሚነጋገርበት መስመር) በአንድ ፓኬት እስከ 65,536 ባይት ያሳልፋል። ተራ የኤተርኔት መስመር ግን በአብዛኛው ከ1,500 ባይት በላይ አያሳልፍም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ሁሉም ነገር ሰላም ነው። ሰው ሲበዛና ዋይፋዩ ሲደክም መልእክት መቆራረጥ ይጀምራል። ያኔ "ኔትወርኩ ነው" ይባላል። የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ማለት ይሄ ነው። መፍትሔ ተብሎ የሚመጣው ደግሞ ከእጅ አይሻል ዶማ፤ በየመልእክቱ መሀል 100 ሚሊሰከንድ ማስጠበቅ! ይሄን በስንቱ ሰው ኮድ ውስጥ እንዳየሁት አትጠይቁኝ።

ትክክለኛው መንገድ ከባድ አይደለም። እያንዳንዱን መልእክት በአዲስ መስመር ምልክት ጨርሱት፣ ወይም ርዝመቱን ከፊቱ አስቀድማችሁ ላኩ። እያንዳንዱ ተጠቃሚ የራሱ በፈር (የባይት ጊዜያዊ ማቆያ) ይኑረው። የመጣውን እዚያ ጨምሩ። ሙሉ መስመር ሲገኝ ቆርጣችሁ አውጡ፣ የተረፈው ቀሪው እስኪመጣ ይጠብቅ። በቃ። አንጋፋው የቻት ሥርዓት አይአርሲ የሚሠራው እንዲሁ ነው። ያርኮ ኦይካሪነን ፊንላንድ ውስጥ በኦውሉ ዩኒቨርሲቲ በ1988 የጀመረው ነገር እስካሁን አለ። በ1993 የወጣው የአይአርሲ ሰነድ አንድ መልእክት ከነማብቂያው ከ512 ባይት እንዳይበልጥ ይላል። ጣሪያው እንዲሁ አልተቀመጠም። ጣሪያ ከሌለ አንድ ሰው አዲስ መስመር ሳይነካ ባይት እያፈሰሰ የሰርቨሩን ሜሞሪ ይጨርሰዋል።

ጣሪያውን ስታወጡ ግን የእኛን ፊደል አትርሱ። አንድ የግዕዝ ፊደል በዩቲኤፍ-8 (ፊደልን በባይት የመጻፊያ ሥርዓት) 3 ባይት ነው። 512 ባይት ውስጥ ሁለቱን የመስመር ማብቂያ ባይቶች ስትቀንሱ ቢበዛ 170 ፊደል ነው የሚገባው፤ ያውም የላኪው ስምና ትእዛዙ ምንም ቦታ ካልወሰዱ። ረጅም መልእክት በባይት ቆጥራችሁ ከቆረጣችሁ ፊደል መሀል ላይ ትቆርጣላችሁ፣ መጨረሻው ላይ የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ምልክት ይመጣል። የፊደል ድንበር ላይ ቁረጡ። ወደ ጽሑፍ መቀየሩንም መስመሩ ሙሉ ከሆነ በኋላ አድርጉት።

ቀጣዩ የዘገምተኛው ተጠቃሚ ነገር ነው። አንድ ቡድን "ሰርቨራችን እየደረቀ አስቸገረን" ብሎኝ ነበር። ማንም የጻፈው ለማንም አይደርስም። ሩብ ሰዓት ያህል ቆይቶ ደግሞ በራሱ ይነሣል። ኮዱን ሳየው መልእክት ሲመጣ በተራ ለሁሉም ይልካል፤ አንዱ ሳይጨርስ ወደ ሌላው አይሄድም። አንዱ ላፕቶፑን አጥፎ ሲሄድ የሚቀበል የለም፣ መላኪያው በፈር ይሞላል፣ ሰርቨሩ እሱን ሲጠብቅ በአንዱ ጦስ ሁሉም ይቆማል። ሩብ ሰዓቷም ከየት እንደመጣች ይታወቃል። ሊኑክስ መልስ ያጣ ግንኙነትን በመደበኛው ቅንብር 15 ደቂቃ ግድም እየደጋገመ ሞክሮ ነው ተስፋ የሚቆርጠው።

ይሄን መፈተን ቀላል ነው። ተርሚናል ላይ ሁለት ክላየንት (ተጠቃሚው ቻት የሚያደርግበት ፕሮግራም) ክፈቱ። አንዱ ላይ ኮንትሮልና ዜድ ተጫኑ፤ ፕሮግራሙ ባለበት ይቆማል፣ ግንኙነቱ ግን አይዘጋም። ከሌላው በኩል መልእክት በብዛት ልቀቁ። ሰርቨሩ ከደረቀ ችግሩ አለባችሁ። መፍትሔው የማይጠብቅ ሶኬትና ለየሰው የተለየ የመላኪያ ወረፋ ነው። ወረፋውም ልክ ይኑረው። ልኩን ያለፈውን ሰው አሰናብቱት። አትዘኑለት፣ ተመልሶ ይገባል።

ከዚሁ ጋር፣ የሞተን ግንኙነት ቲሲፒ ይነግረናል ብላችሁ አትቀመጡ። የሊኑክስ ኪፕአላይቭ (ዝም ያለ ግንኙነት በሕይወት መኖሩን የሚጠይቀው) ብታበሩት እንኳ በመደበኛው ቅንብር መጠየቅ የሚጀምረው ከ2 ሰዓት ዝምታ በኋላ ነው። በየደቂቃው ገደማ ፒንግ ("አለህ?" የሚል አጭር መልእክት) ላኩ፣ መልስ ካጣችሁ ዝጉት።

በሲ ቋንቋ የምትጽፉ፣ ሲግፓይፕ (ወደተዘጋ ግንኙነት ስትጽፉ ሲስተሙ ለፕሮግራሙ የሚልከው ምልክት) ችላ እንዲባል አድርጉ። አለበለዚያ አንድ ሰው ስለወጣ ሰርቨሩ በሙሉ ይሞታል።

መልእክቶችን በላኪው ሰዓት አትደርድሩ። ኢንተርኔት የሌለው ኔትወርክ ላይ የማንም ሰዓት ከማንም ጋር አይገጥምም። የሰርቨሩም ቢሆን ያው ነው። ከሞዴል 5 በፊት የነበሩት ራስበሪ ፓይ የሚባሉት ትንንሽ ኮምፒውተሮች መብራት ሲጠፋ የሚቆጥር ሰዓት ቦርዱ ላይ የላቸውም። ሰርቨሩ ለየመልእክቱ ተከታታይ ቁጥር ይስጥ፣ ቁጥሩንም ዲስክ ላይ ያስቀምጥ።

"የውስጥ ኔትወርክ ነው፣ ማን ይሰማናል?" የሚለውን ተዉት። የዋይፋዩን ፓስወርድ የሚያውቅ ሁሉ ሊሰማ ይችላል። ግንኙነቱን የሚመሰጥረውን ቲኤልኤስ ተጠቀሙ። የራሳችሁን ምስጠራ አትፍጠሩ፣ በፍጹም። ፓስወርድ እንዳለ ሳይሆን በአርጎን2 ወይም በቢክሪፕት (ወደኋላ በማይመለስ መንገድ የሚቀይሩ ስልቶች) ተቀይሮ ይቀመጥ። ከመልእክት ውስጥም የመቆጣጠሪያ ምልክቶችን አጣሩ፤ ያለዚያ አንዱ ቀልደኛ የሁሉንም ተርሚናል ያተራምሰዋል።

ሠላሳ ሰው ለሚጠቀምበት ነገር ኩበርኔቲስ (ፕሮግራሞችን በብዙ ሰርቨሮች ላይ የሚያስተዳድር ግዙፍ ሥርዓት) ምን ያደርጋል? አንድ ፕሮግራም፣ አንድ የቅንብር ፋይል፣ ለመልእክቶቹ ታሪክ ኤስኪዩላይት (በአንድ ፋይል የሚቀመጥ ዳታቤዝ)። ብዙ ሶኬቶችን በአንዴ ስለሚጠብቀው ትእዛዝ፣ "ሰሌክት እኮ 1,024 ሶኬት ላይ ይቆማል" የሚለኝ አይጠፋም። እዚያ ስትደርሱ እንነጋገራለን።

ኮዱን ጊትሀብ (የኮድ ማጋሪያ ድረ ገጽ) ላይ መጫን ብቻውን ኦፕን ሶርስ አያደርገውም። የላይሰንስ (የአጠቃቀም ፈቃድ) ፋይል ከሌለ መብቱ ሙሉ በሙሉ የእናንተ እንደሆነ ይቆጠራል፣ ጠንቃቃ ሰው አይነካውም። ኤምአይቲም ሆነ ጂፒኤል፣ አንዱን ምረጡና በመጀመሪያው ቀን አስገቡት። ከመልቀቃችሁ በፊት ደግሞ የጊት ታሪኩን (የኮዱን የለውጥ መዝገብ) ፈትሹ። የቅንብር ፋይሉን ዛሬ ብትሰርዙት እንኳ ውስጡ የነበረው ፓስወርድ ከድሮዎቹ ኮሚቶች (ቀድሞ ከተመዘገቡት ለውጦች) አይጠፋም። አንዴ ከወጣ መሰረዙ ላይ አትድከሙ፤ ፓስወርዱን ቀይሩት።