የመጀመሪያው ቀንና ሌሊት፦ አራስና ጨቅላ ለሚጠብቁ

ሐዋሳ ውስጥ ቤተሰቡ ሁሉ የሚዘጋጀው ለምጡ ነው። የሰፈሩ ባጃጅ ነጂ ስልክ ይያዛል፣ አጥሚቱ በፔርሙስ ይሞላል፣ የቡላው ገንፎ ቤት ይጠብቃል። ልጁ ሲያለቅስ እልልታው ይቀልጣል፣ ከዚያ ሁሉም ደስታውን በስልክ ሊያበስር ወደ ኮሪደር ይወጣል። አዋላጅ ነርሷ ግን በጣም የምትጠነቀቀው ከዚህ በኋላ ነው። እናትን በብዛት የሚገድለው ከወሊድ በኋላ የሚመጣው ደም መፍሰስ ሲሆን፣ አብዛኛው በመጀመሪያው 24 ሰዓት ውስጥ ይከሰታል። እ.ኤ.አ. በ2019 በተደረገው የሀገራችን የሥነ ሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በጤና ተቋም የተካሄደው ወሊድ 48 ከመቶ ነበር። ከወለዱ በሁለት ቀን ውስጥ የታዩት እናቶች ግን 34 ከመቶ ናቸው። ሆስፒታል ወልደው ሳይታዩ የወጡም አሉ ማለት ነው።

ስለዚህ ከአራሷ ጋር አንድ ሰው ይመደብ። እናቷ፣ አማቷ ወይም ባሏ ሊሆን ይችላል፤ ዋናው ነገር ምን እንደሚያይ ማወቁ ነው።

ደሙን መጠበቅ

ልጁ እንደተወለደ በአንድ ደቂቃ ውስጥ እናቲቱ ጭኗ ላይ 10 ዩኒት ኦክሲቶሲን ትወጋለች። መርፌው ማህፀኑን ያኮማትራል፤ እንግዴ ልጁ ተላቆ የወጣበት ቦታ ላይ ክፍት የቀሩት የደም ሥሮች የሚታነቁት ማህፀኑ ሲኮማተር ነው። መድኃኒቱ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መቀመጥ አለበት፤ በሙቀት ውስጥ ከከረመ አቅሙ ይደክማል። መርፌው በሰዓቱ ተሰጥቶም ቢሆን ማህፀኑ ተመልሶ ሊልል ስለሚችል፣ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰዓታት በየ15 ደቂቃው ይዳሰሳል።

አዳሰሱን አዋላጇ ታሳያችሁ። አራሷ በጀርባዋ ትተኛ። መዳፋችሁን እምብርቷ አካባቢ አድርጋችሁ ወደ ውስጥ ጫን በሉ። እንደ ትርንጎ ክብና ጠንካራ ነገር ካገኛችሁ ደህና ነው። እንደ ሊጥ የሚሰረጉድ ከሆነ ወይም የት እንዳለ ከጠፋችሁ አዋላጇን ጥሩ፣ እስክትመጣም እስኪጠነክር ድረስ በክብ እሹት። ማህፀኑ ከእምብርት በላይ ወጥቶ ወደ ጎን ካጋደለ ብዙ ጊዜ ምክንያቱ የሞላ ፊኛ ነው፤ ሽንቷ ማህፀኑን ገፍቶ እንዳይኮማተር ያደርገዋል። ደግፋችሁ አሸኗት። ከወለደች 6 ሰዓት አልፎ ሽንቷ ካልመጣ ተናገሩ።

ግማሽ ሊትር ደም ከፈሰሰ አደጋ ነው፤ የትንሹን ሃይላንድ ውሃ አስቡት። ደም ማነስ ያለባት ሴት ከዚያም ባነሰ ልትዝል ትችላለች። ሰው የሚሳሳተው ሞዴሱን ብቻ በማየት ነው። የተኛች ሴት ደም ወደ ታች ወርዶ ወገቧና መቀመጫዋ ሥር፣ ከአንሶላውና ከላስቲኩ መካከል ይጠራቀማል፤ ላዩ ደህና ይመስላል። በየጊዜው እጃችሁን ከወገቧ ሥር አስገብታችሁ እርጥበቱን እዩ፣ አንሶላውንም ገልጣችሁ አረጋግጡ። የራሰውን ሞዴስ ወዲያው አትጣሉ፣ ለአዋላጇ አሳዩ። አንድ ሞዴስ ከ5 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ከራሰ ጩኹ። ቤት ከገባችሁ በኋላም በ20 ወይም 30 ደቂቃ ውስጥ ሁለት ሦስት ሞዴስ ከራሰ ሳትውሉ ሳታድሩ ተመለሱ። «መጥፎ ደም ነው፣ ይውጣላት» የሚለው አባባል ብዙ ሴት አሳጥቶናል። በዝግታ እየተንጠባጠበ ሰዓታት የሚቆይ ደምም ከሚያጥለቀልቀው አይተናነስም።

ራስ ምታትን አትናቁ። ደም ግፊት ከወሊድ በኋላም ሊነሳና የሚጥል በሽታ የመሰለ መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል። ከባድ ራስ ምታት፣ የዓይን መደብዘዝ ወይም ከጎድን በታች ያለ የጨጓራ የሚመስል ሕመም ሲመጣ ግፊቷ ይለካ፤ 140/90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሐኪም ይያት። «ቡና ስላልጠጣች ነው» ተብሎ ጀበና እስኪጣድ አይጠበቅም። ከ38 ዲግሪ በላይ ትኩሳት ሲኖር ወባ ብቻ ነው ብላችሁ አትደምድሙ፤ የደሙ ሽታ ከተለወጠ ማህፀኑ አመርቅዞ ሊሆን ይችላል።

ጨቅላው

ለልጁ ሁለት ንጹሕ ፎጣ ያዙ። በአንዱ ይደረቃል፣ እሱ ይጣላል፤ በሁለተኛው ይሸፈናል። በአንድ ፎጣ ጠርጎ በዚያው በረጠበው መጠቅለል የተለመደ ስህተት ነው። የሐዋሳ ቀን ሞቃት ነው ብላችሁ አትዘናጉ፤ እርጥብ ገላ እናንተን በሚያልባችሁ ክፍል ውስጥም ይቀዘቅዛል፣ ማታ ከሐይቁ የሚነፍሰው ደግሞ ይብሳል። የሚተነፍስ ልጅ እትብት ከ1 እስከ 3 ደቂቃ ቆይቶ ይቆረጣል። ልጁ ኮፍያ አድርጎ በእናቱ ደረት ላይ፣ ገላ ለገላ፣ ቢያንስ አንድ ሰዓት ይቆይ። ሙቀቱ ከ36.5 እስከ 37.5 ዲግሪ መሆን አለበት። ቴርሞሜትር ከሌለ የእግሩን መዳፍ ዳስሱ፤ ከቀዘቀዘ ወደ ደረት ይመለስ። ገላውን ከ24 ሰዓት በፊት አትጠቡት። ከ2,500 ግራም በታች ከሆነ የቀኑን አብዛኛውን ሰዓት ደረት ላይ ይዋል፤ እናቲቱ ሲደክማት አባትየውም ይችላል።

ጡት በመጀመሪያው ሰዓት ይጀምር። ቢጫው እንገር አይታለብም፣ አይደፋም። ቅቤ ማላስም ሆነ የስኳር ውሃ የለም። አፉ በደንብ ተከፍቶ፣ አገጩ ጡቷን ነክቶ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገልብጦ ካያችሁ አያያዙ ጥሩ ነው። ጫፉን ብቻ ከያዘ እሷ ትቆስላለች፣ እሱም አይጠግብም፤ ትንሹን ጣቷን በአፉ ጠርዝ አስገብታ አላቃው እንደገና ታስይዘው። በቀን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጥባ፣ ሌሊትም ጭምር።

እትብቱ ላይ የሚቀባው ክሎርሄክሲዲን ጄል ነው፤ ቅቤም አመድም አይነካውም። ጄሉ የሚመጣበት ቱቦ ከዓይን ቅባቱ ከቴትራሳይክሊን ጋር ሊመሳሰል ይችላል። ክሎርሄክሲዲን ዓይን ውስጥ ከገባ ዓይኑን ይጎዳል፣ ሊያሳውርም ይችላል። ሁለቱን አንድ ከረጢት ውስጥ አታስቀምጡ፣ ከመቀባታችሁ በፊት ስሙን በብርሃን አንብቡ።

አተነፋፈሱን ተረጋግቶ ሳለ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቁጠሩ። 60 ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ ድገሙት፤ ያው ከሆነ ወደ ሐኪም ውሰዱት። ደረቱ ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ፣ ካቃሰተ፣ መጥባት ካቆመ፣ ከተንቀጠቀጠ ወይም በመጀመሪያው ቀን ቢጫ ከሆነ ቆጠራ አያስፈልግም፣ ወዲያው ውሰዱት። ቢጫነትን ፀሐይ ያጠፋዋል ብሎ ቀን መቁጠር ለአንጎል ጉዳት ይዳርጋል።

ከመውጣት በፊት

በሰላም የወለደችም ብትሆን 24 ሰዓት ሳይሞላ አትውጡ፤ በኦፕራሲዮን የወለደች ደግሞ ከዚያም በላይ ትቆያለች። ግፊቷ ይለካ፣ ልጁ ይመዘን። ቫይታሚን ኬ፣ ቢሲጂ (የሳንባ ነቀርሳ ክትባት) እና የፖሊዮ ጠብታ መውሰዱ ካርዱ ላይ ይጻፍ። የደም ዓይነቷ ኔጌቲቭ ሆኖ የልጁ ፖዘቲቭ ከሆነ በ72 ሰዓት ውስጥ አንቲ-ዲ የሚባለው፣ ሰውነቷ የሚቀጥለውን ልጅ ደም እንዳያጠቃ የሚከላከለው መርፌ ያስፈልጋታል፤ መድኃኒት ቤት ለመፈለግ ጊዜ ስለሚወስድ ውጤቱን ቶሎ ጠይቁ። ቀጣዩ ምርመራ በ48 እና በ72 ሰዓት መካከል ነው፣ ከዚያ ከ7 እስከ 14 ባለው ቀን፣ በመጨረሻም በስድስተኛው ሳምንት።

ቤት ሳላችሁ አደጋ ከመጣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ከዘገየና ደጅ ላይ ባጃጅ ካለ ግን በባጃጁ ሂዱ፤ አንድ ሰው ማህፀኗን እያሸ፣ ልጁ ደግሞ በሌላ ሰው ደረት ላይ በልብሱ ውስጥ ሆኖ። በመንግሥት ጤና ተቋማት የወሊድ አገልግሎት በነፃ ስለሆነ ገንዘብ ፍለጋ አትቆዩ። የመጀመሪያዋን ሌሊት ተከፋፈሉት፤ አንዱ እስከ ሌሊቱ ሰባት ሰዓት ይንቃ፣ ሌላው እስኪነጋ። ተረኛው የሞዴሱን ቁጥርና የተጠባበትን ሰዓት ወረቀት ላይ ይጻፍ፤ ጠዋት አዋላጇ የምትጠይቀው ይህንኑ ነው።