ቲምና ስትሄዱ ከምሰሶዎቹ አትጀምሩ

በራሴ ስህተት ልጀምር። የሰፈር ልጆችና ወላጆችን ሰብስቤ ከቤር ሼቫ በደቡብ እስራኤል ወዳለው የጥንት የመዳብ ማውጫ ሸለቆ፣ ወደ ቲምና የወረድኩ ጊዜ፣ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው በቀጥታ የሰሎሞን ምሰሶዎች በሚባሉት ግዙፍ የተፈጥሮ አሸዋ ድንጋዮች ሥር ነው የቆምነው። ፎቶ ተነሣን። ወዲያው ሙቀቱ መጣ፣ ልጆቹ ተነጫነጩ፣ እናቶች ጥላ ፍለጋ ገቡ፣ የሄድንበት ዋናው ጉዳይ፣ መዳቡ፣ ሳይታይ ቀረ። በሁለተኛው ጉዞ ነገሩን ገለበጥኩት። ድንጋዩ በሄደበት መንገድ ሄድን፤ ከተቆፈረበት ወደ ቀለጠበት። ምሰሶዎቹን ለመጨረሻ ተውናቸው። አሁን ማንም ሲጠይቀኝ የምመክረው ይሄንኑ ነው።

ቦታው ከኤላት በስተሰሜን 30 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 90 ቁጥር መንገድ ላይ ነው። በብርዱ ወራት ሂዱ፤ በሐምሌና በነሐሴ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ ስለሚወጣ ድንጋይ ቀርቶ ጓደኛችሁንም ማየት ያስጠላችኋል። ግን በብርዱ ወራትም የአየር ትንበያ ሳታዩ እንዳትነሡ። እናንተ ጋ ጠብ ሳይል ተራራ ላይ የዘነበው ዝናብ ደረቁን ወንዝ ድንገት ሊሞላው ይችላል። በሰው ቢያንስ ሦስት ሊትር ውሃ፣ ሶሉ ወፍራም የሆነ ጫማ፣ ግንባር ላይ የሚታሰር ባትሪ፣ አንድ አጉሊ መነጽር። መዶሻ ቤት ይቅር። እዚያ ድንጋይ መስበርም ሆነ ይዞ መውጣት ክልክል ነው፣ ልጆቹን ደግሞ ከመኪና ሳይወርዱ አስጠንቅቋቸው። ወርደው አረንጓዴ ጠጠር ካዩ በኋላ የሚሰማችሁ የለም።

የፓርኩን በር እንዳለፋችሁ ቅስቶቹ ወደሚባሉት፣ ተፈጥሮ እንደ ቅስት ወደቀረጸቻቸው ድንጋዮች ንዱ። እዚያ ስትደርሱ የጥንቶቹን የመዳብ ጉድጓዶች ከመፈለጋችሁ በፊት ቆም ብላችሁ ዙሪያውን እዩ። መሀል ላይ የተገተረው ጠቆር ያለ ተራራ ቲምና ተራራ ነው፤ ዕድሜው ከ600 ሚሊዮን ዓመት በላይ የሆነ፣ ግራናይት ያለበት ጥንታዊ ድንጋይ። ዙሪያውን እንደ ፈረስ ኮቴ የከበበው ገደል ደግሞ ከሱ በኋላ የተነጠፈ ነው፣ ቀይና ነጭ አሸዋ ድንጋይ። የጥንት ቆፋሪዎች በብዛት የሠሩት ነጩ ላይ ነው። መዳቡ ግን እዚያ አልተወለደም። መነሻው ከታች ያለው የጥንቱ ድንጋይ ሲሆን፣ በብዙ ሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ውሃ እያጠበ፣ እያሟሟ፣ ደግሞ እያስቀመጠ ነው ነጩ ውስጥ የገባው። ስለዚህ ዓይናችሁ ነጩን ንጣፍ ይከተል። አጉሊ መነጽሩን ጠጋ ስታደርጉት በአሸዋው ቅንጣቶች መካከል አረንጓዴ ነጠብጣብ ታያላችሁ፤ ብዙውን ጊዜ ማላካይት የሚባለው አረንጓዴ የመዳብ ማዕድን ነው። አንዳንዴ አተር የሚያክል፣ አንዳንዴ ሻጋታ የሚመስል ብቻ።

ቁልቁለቱ ላይ ክብ ክብ ሆነው ፈካ ያሉ ቦታዎች ታያላችሁ። ሳህኖች ይሏቸዋል። እያንዳንዱ ሳህን በጎርፍ አፈር የተሞላ የጥንት ጉድጓድ አፍ ነው፣ በሸለቆው ውስጥ በሺዎች ይቆጠራሉ። አትርገጧቸው። አንድ ክፍት ጉድጓድ ጫፍ ላይ (ከአጥሩ ውጭ ሆናችሁ!) ባትሪ ብታበሩ፣ በግራና በቀኝ ግድግዳው ላይ እግር ማሳረፊያ የተፈለፈሉ ትንንሽ ጎድጓዳዎች ይታያሉ፤ ሰውየው እግሩን እየዘረጋ በነዚያ ነበር የሚወጣና የሚወርደው። ለጎብኚ የተፈቀደ ጠባብ መተላለፊያም አለ። ግባና እይ። ወገብህን ጎንበስ አድርገህ፣ አንዳንድ ቦታ እየዳኽክ ስታልፍ የመሮው ምት ግድግዳው ላይ እጅህ ሥር ነው። ጠባብ ቦታ የሚያስጨንቀው ሰው ውጭ ይጠብቅ፣ ማንም አይፎክርበት።

ከዚያ የባሮች ኮረብታ፣ መዳቡ የሚቀልጥበት የነበረው ቦታ። ስሙ አያሳስታችሁ። በአጥር የተከበበ ስለሆነ ሠራተኞቹ ባሮች ናቸው ተብሎ የወጣ ስም ነው፤ በኋላ የቴል አቪቭ ዩኒቨርሲቲው ኤሬዝ ቤን ዮሴፍና ባልደረቦቹ ሲቆፍሩ ግን ሠራተኞቹ የበሉት የደኅና ሥጋ፣ የዓሣም ሳይቀር፣ ቅሪት፣ ከዚያም በቀለም የተነከረ ጨርቅ ተገኘ። አቅላጮቹ የተከበሩ ባለሙያዎች ነበሩ ማለት ነው። እኔን ከሁሉ የገረመኝ ፋንዲያው ነው። በር አካባቢ የነበረው የአህያ ፋንዲያ ከደረቅነቱ የተነሣ 3,000 ዓመት ሳይበሰብስ ቆይቶ፣ ሲመረመር ውስጡ የወይን ጭማቂ ተረፈ ምርት ተገኘበት። እኛ ለከብት አተላ እንደምንሰጠው በሉት።

እዚህ መሬት መሬቱን እዩ። ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ ቀዘቀዘ ሽሮ ገጹ የተጨማደደ ነገር ካያችሁ ስላግ ነው፤ መዳቡ ቀልጦ ሲወጣ የቀረው ትራፊ። ብዙ ሰው ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይ ይመስለዋል፣ እኔም መስሎኝ ነበር። መዳቡን ከድንጋዩ ለመለየት ከ1,100 ዲግሪ በላይ ሙቀት ያስፈልጋል፤ ወናፍ፣ የግራር ከሰል፣ ድንጋዩ ቶሎ እንዲቀልጥ ደግሞ ብረት ወይም ማንጋኒዝ ያለበት ሌላ ድንጋይ ይጨመርበት ነበር። ልጆቹን “ከሰሉ ከየት መጣ?” ብላችሁ ጠይቋቸው፣ ከዚያ ዙሪያውን ዛፍ እንዲቆጥሩ አድርጉ። ጸጥ ይላሉ።

ምሰሶዎቹ ጋ ከሰዓት በኋላ፣ ጥላ ሲወርድ ድረሱ። “ማዕድኑ የንጉሥ ሰሎሞን ነበር ወይ?” የሚለው ጥያቄ የሚነሣው እዚያ ነው፤ ከእኛ ሰው ጋር ሄዳችሁ ደግሞ ንግሥተ ሳባ ሳትነሣ አትቀርም። ባጭሩ እንዲህ በሏቸው፦ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ የጥንት ቅርስ ተመራማሪው ኔልሰን ግሉክ የሰሎሞን ነው አለ። በ1969 ሌላው ተመራማሪ ቤኖ ሮተንበርግ እዚሁ ገደል ሥር የግብፆችን የሐቶር የምትባል አምላካቸውን ቤተ መቅደስ ሲያገኝ ሐሳቡ ወደ ፈርዖኖች ዞረ። አሁን በካርቦን ሲለካ ትልቁ የማቅለጥ ሥራ የዛሬ 3,000 ዓመት ገደማ፣ ማለትም ሰሎሞን ኖረ በሚባልበት ዘመን ላይ ወደቀ። ግን ብዙ ተመራማሪዎች ሥራውን የሚሰጡት ለኤዶማውያን ነው፣ የሰሎሞን ስም የተጻፈበት ነገርም አልተገኘም።

ልጅ ድንጋይ ካልያዝኩ ብሎ ካለቀሰ ኤላት ላይ “የኤላት ድንጋይ” የሚባል ሰማያዊና አረንጓዴ የተቀላቀለበት ጌጥ ይሸጣል። ማላካይትና ክሪሶኮላን የመሰሉ የመዳብ ማዕድናት ድብልቅ ነው፣ ያው ግድግዳው ላይ ያያችሁት ዘመድ። አንድ ነገር ብቻ፦ ዘመናዊው የቲምና ማዕድን ማውጫ ሥራ ካቆመ ቆይቷል፣ ስለዚህ በርካሽ የሚሸጥላችሁ ካለ ከየት እንደመጣ ጠይቁት።