ዳሽቦርዱን ከመቀየራችሁ በፊት ሽቦውን እዩ

ሐምሌ ላይ ነው። ከፒያሳ ወደ ለገሃር ስወርድ ቸርችል ጎዳና ላይ ዝናብ ያዘኝ። መሪውን ወደ ግራ ሳዞር የሞተር ሳይክሌ ዳሽቦርድ ድርግም አለ። ቀጥ ሳደርገው በራ። ደግሜ ወደ ግራ ሳዞረው ደግሞ ጠፋ። በማግስቱ ያሳየሁት ባለሙያ ምንም ሳይፈታ “ዳሽቦርዱ ሞቷል፣ ሙሉውን ቀይረው” አለኝ። አልቀየርኩም። ችግሩ ከፊት መብራቱ ጀርባ ያለች አንዲት ሽቦ ሆና ተገኘች። ላስቲኳ ደህና ነው፤ ውስጧ ያለው መዳብ ግን ተበጥሷል።

ሞተር እንጀራው ለሆነ ሰው የዳሽቦርድ ዋጋ ቀላል አይደለም። ደግሞም ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ያለው ከዳሽቦርዱ ውጭ ነው። መልቲሜትር (ቮልትና ኦም መለኪያ)፣ ካቻቪቴ፣ ናስትሮ እና ሁለት ሽቦ የተበየደባት ትንሽ የ12 ቮልት አምፖል ካላችሁ አብዛኛውን ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ።

ቁልፉን ስታበሩት ምንም አይበራም

መጀመሪያ ክላክሱንና ፍሬቻውን ሞክሩ። እነሱም ካልሠሩ ዳሽቦርዱን ተዉት፤ ወደ ባትሪውና ወደ ፊውዙ ሂዱ። በደንብ የተሞላ ባትሪ ሞተሩ ጠፍቶ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ12.2 በታች ከወረደ ቻርጅ ይፈልጋል። ፊውዙ ተቃጥሎ ከሆነ በዚያው አምፔር ተኩት። ባለ 10ን በባለ 20 መተካት ወይም የሲጋራ ብራማ ወረቀት መጠቅለል እሳት መጥራት ነው። አዲሱም ወዲያው ከተቃጠለ የሆነ ቦታ የተላጠ ሽቦ ብረት እየነካ ነው ማለት ነው። እሱን ሳታገኙ ሦስተኛ ፊውዝ አትክተቱ።

ክላክሱ እየጮኸ ዳሽቦርዱ ብቻ ከጠፋ ከጀርባው ያለውን ሶኬት ንቀሉ። ብዙዎቹ የቻይና ሞተሮች ላይ ጥቁሩ ሽቦ ከቁልፍ የሚመጣው መብራት (ኤሌክትሪክ) ነው፣ አረንጓዴው ማሳ (ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለሰው)፣ ቀዩ በቀጥታ ከባትሪ የሚመጣው። የሌሎቹ ቀለም ይለያያል፤ ስለዚህ በቀለም ብቻ አትመኑ፣ ለኩ። ቁልፉን አብርታችሁ በመብራቱና በማሳው መካከል 12 ቮልት ካጣችሁ፣ አንዱን ጫፍ ከማሳው አንስታችሁ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ አድርጉት። አሁን 12 ከመጣ የተበጠሰው ማሳው ነው። አሁንም ካልመጣ መብራት የሚያመጣው መስመር ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ሽቦው ውስጥ አንዲት ቀጭን የመዳብ ክር ብቻ ቀርታ እንኳ መልቲሜትሩ 12 ቮልት ያሳያል። መለኪያው የሚስበው ኃይል በጣም ትንሽ ስለሆነ ያቺ ክር ትበቃዋለች። ዳሽቦርዱ ግን አይበራባትም። አምፖሏን የያዝነው ለዚህ ነው። በሁለቱ ሽቦዎች መካከል አገናኟት። ቦግ ካለች መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ጥፋቱን ዳሽቦርዱ ውስጥ ፈልጉ። ፈዛ ከበራች ወይም ጭራሽ ካልበራች ሽቦው ነው። እኔም የተበጠሰችውን ያገኘኋት በአምፖል ነው፤ መልቲሜትሩ ሁሉ ሰላም ነው እያለኝ ነበር።

መሪ ሲዞር ይጠፋል

ሽቦዎቹ የመሪው አንገት ጋ ሲታጠፉ ሲዘረጉ ይኖራሉ። በቀን ስንት ጊዜ እንደምናዞረው አስቡት። መሪውን ሙሉ በሙሉ ወደጠፋበት አቅጣጫ አዙራችሁ ሽቦዎቹን አንድ በአንድ በጣት ጨመቅ፣ ሳብ አድርጉ። የተበጠሰው ከሌሎቹ በላይ ይለመጣል፣ ላስቲኩም ይሳባል። የሞተውን ክፍል ቁረጡ፣ በአዲስ ሽቦ ቀጥሉ፣ በይዱት፣ በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ አልብሱት። ጠምዝዞ ናስትሮ መጠቅለል በኮብልስቶን ንዝረትና በክረምት ዝናብ ዕድሜ የለውም። ሽቦውም ሲዞር እንዳይወጠር ትንሽ ላላ አድርጋችሁ እሰሩት።

ፍሬቻ ሲበራ ሌላው መብራት አብሮ ይርገበገባል

ማሳ ነው ብዬ እጀምራለሁ። መብራቶቹን ሁሉ አብሩ። መልቲሜትሩን በባትሪው ኔጌቲቭና በዳሽቦርዱ ማሳ መካከል አድርጉ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየ ማሳው ደክሟል። ሻሲው ላይ የታሰረበትን ብሎን ፍቱ፤ አረንጓዴ ዝገት ታያላችሁ። በብርጭቆ ወረቀት ብረቱ እስኪያበራ ፈትጉት፣ አጥብቁት፣ ግሪስ ቀቡት። ጂፒኤስ፣ አላርም ወይም የስልክ ቻርጀር አስገጥማችሁ ከሆነ ሽቦው የተቀጠለበትን ቦታ ሳታዩ አትለፉ።

ሲነሳ ሰዓቱ ዜሮ ይሆናል

ባትሪው ደክሟል ወይም ጫፉ ላልቷል። ከዳሽቦርዱ ጋር በቀጥታ የሚገናኘው ቋሚ መስመር ተቋርጦም ሊሆን ይችላል። በዚያው ባትሪው ላይ የሚደርሰውን ቻርጅም ለኩ። ሞተሩ ተነስቶ ነዳጅ ሲሰጠው ከ13.5 እስከ 14.5 ቮልት አካባቢ ጥሩ ነው። 15ን ካለፈ ሬጉሌተሩ (የቻርጁን ቮልት የሚቆጣጠረው) ተበላሽቷል። ይህን ሳታስተካክሉ አዲስ ዳሽቦርድ ከገጠማችሁ እሱንም ያቃጥለዋል። በጣም እለምናችኋለሁ፣ ይህን አትርሱ።

የነዳጅ ጌጁ ይዋሻል

ታንከሩ ውስጥ ያለው ሴንደር (የነዳጁን መጠን ለጌጁ የሚነግረው) ተንሳፋፊው ሲወጣ ሲወርድ ኦም ይቀይራል። የሴንደሩን ሶኬት ንቀሉና ኦሙን እየለካችሁ ሞተሩን ግራ ቀኝ አዘንብሉ። ቁጥሩ በዝግታ ከተለወጠ ሴንደሩ ደህና ነው፤ ወደ ሽቦው ሂዱ። ከዘለለ ወይም ከጠፋ ሴንደሩን አውጡ። ስታወጡት ባትሪው ይነቀል፣ ሲጋራ የሚያጨስም አጠገባችሁ አይድረስ።

ፍጥነት አይቆጥርም

በገመድ የሚሠራ ከሆነ ገመዱን ከዳሽቦርዱ ፍቱና የፊት ጎማውን አሽከርክሩ። ጫፉ ካልዞረ ገመዱ ተበጥሷል ወይም ጎማው ጋ ያለው ጥርስ ተበልቷል። በሴንሰር ከሆነ መጀመሪያ ከጭቃ አጽዱት፣ ሽቦው ፎርኩ (የፊት ጎማውን የሚይዘው) ጋ ተፈግፍጎ እንደሆነም እዩ።

የኒውትራል መብራት ካልበራ ካምቢዮው ጋ ያለውን ሽቦ ነቅላችሁ ብረት አስነኩት። ከበራ ስዊቹን ቀይሩ።

መስታወቱ ላብ ይይዛል፣ ቁጥሮቹ ይጎድላሉ

ይህ የራሱ የዳሽቦርዱ ጉዳይ ነው። ብዙ ጊዜ ላቫጆ ላይ ውኃ በግፊት ሲለቀቅበት የሚመጣ ነው። ፈታችሁ ጥላ ያለበት ሞቅ ያለ ቦታ አድርቁት፣ ውኃ የሚከለክለውን ማሸጊያ ጎማ አይታችሁ ግጠሙት። የተሰነጠቀ ብየዳ በደህና ባለሙያ ይድናል። በፀሐይ የጠቆረ ስክሪን ግን በሽቦ አይድንም። ያኔ ሶማሌ ተራ (መለዋወጫ የሚሸጥበት) ወርዳችሁ ያገለገለ ብትገዙም አሮጌውን ይዛችሁ ሂዱ፤ ሶኬቱን አስተያዩ። ከመፍታታችሁ በፊት ደግሞ ያለውን ኪሎ ሜትር ፎቶ አንሱት። አዲስ የገጠማችሁት የሌላ ሞተር ቁጥር ይዞ ስለሚመጣ ዘይት የምትቀይሩበትን ጊዜ የምታሰሉት ከዚያ ፎቶ ነው።