የፀደይ ሙቀት ሪከርድ ሲሰበር እንዴት እንከታተል

የአየር ሁኔታ ካርታ ሳያይ መተኛት የማይችል ሰው ካለ ይሄ ለሱ ነው። በሰሜኑ ንፍቀ ክበብ ሀምሌ ላይ 38 ዲግሪ ቢገባ ያው ሙቀቱ ጊዜውን ጠብቆ መጣ ነው የሚባለው፣ ኤፕሪል ላይ ሲገባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. ኤፕሪል 27 ቀን 2023 ስፔን ኮርዶባ ላይ 38.8 ተመዝግቦ ደሴቶቹን ሳይጨምር የስፔን የኤፕሪል ሪከርድ ሆኗል፣ በዛው ወር ታይላንድ ውስጥ ታክ ላይ 45.4 ገብቶ የሀገሪቱ የምንጊዜም ሪከርድ ተሰብሯል። እንደዚህ አይነት ሳምንት ሲመጣ ቁጥር ከየአቅጣጫው ይጎርፋል፣ ብዙውም የማይረባ ነው። ስለዚህ የማይረባውን እየጣላችሁ የሚረባውን እንዴት እንደምትይዙ ላሳያችሁ።

ከሁሉ በፊት የምን ሪከርድ እንደሆነ ጠይቁ። የቀኑ ነው፣ የወሩ ነው፣ የምንጊዜም ነው ወይስ በዓመቱ ውስጥ 30 ዲግሪ ቀድሞ የገባበት ቀን ነው? የቀን ሪከርድ አለም ላይ አንድ ቦታ ሳይሰበር የሚውልበት ቀን ያለ አይመስለኝም፣ የወር ሪከርድ ግን ከበድ ይላል። ከዛ ጣቢያው ስንት ዓመት ዳታ እንዳለው እዩ፣ የ15 ዓመት ጣቢያ ሪከርድ ሰበረ ማለትና የ120 ዓመቱ ሰበረ ማለት አንድ አይደለም። በስንት እንደተሰበረም ማየት ነው፣ ብዙ ጊዜ በነጥብ ምናምን ነው የሚሰበረው። ማርች 2012 አሜሪካ ላይ የሆነው ግን እስካሁን ይገርመኛል፣ ሚሺጋን ውስጥ ፔልስተን የሚባል ቦታ ማርች 22 ቀን 29 ዲግሪ ገብቶ የድሮውን የቀኑን ሪከርድ በ18 ዲግሪ ገደማ ነው የበለጠው። ሮቸስተር ሚኒሶታ ደግሞ የሌሊቱ ዝቅተኛ ራሱ ለዛ ቀን ከተመዘገበው የድሮ ከፍተኛ በለጠ፣ አስቡት እስኪ።

አሁን ወደ ሞዴሎቹ፣ ማለትም የአየር ሁኔታን በኮምፒውተር አስልተው ወደሚተነብዩት። ስልክ ላይ ያለውን የአየር ሁኔታ አፕ እርሱት፣ ዊንዲ ወይ ትሮፒካል ቲድቢትስ የሚባሉትን የካርታ ሳይቶች ክፈቱና መጀመሪያ የ500 ሄክቶፓስካል ካርታውን እዩ (ሄክቶፓስካል የአየር ግፊት መለኪያ ነው፣ ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ከፍታው ይጨምራል)፣ ትልቅ ጉብታ ሰርቶ የቆመ ከፍተኛ ግፊት ካለ አየሩ ከላይ እየወረደ፣ እየታመቀና እየሞቀ ነው ማለት ነው፣ ደመናም አይሰራም። ቀጥሎ የ850ውን ሙቀት እዩ፣ ይሄ ከባህር ወለል 1500 ሜትር አካባቢ ያለው አየር ነው። ደረቅ አየር 1000 ሜትር ሲወርድ ወደ 10 ዲግሪ ስለሚሞቅ፣ ፀሀዩ ጥሩ ከሆነና መሬቱ ደረቅ ከሆነ 850 ላይ ያያችሁት ቁጥር ላይ 15 ደምሩበት፣ ለዝቅተኛ ቦታ የቀኑን ከፍተኛ ይሰጣችኋል። 850 ላይ 20 ካለ ታች 35 ጠብቁ። ማርች መጀመሪያ ላይ ግን ፀሀይዋ ገና ስለሆነች ሙሉ 15ቱ ላይደርስ ይችላል። ከተማው ራሱ 1500 ሜትር ላይ ወይ ከዛ በላይ ከሆነ ደሞ ይሄ ሂሳብ አይሰራም፣ ያን ጊዜ ወደ 700 ሄክቶፓስካል ነው የሚወጣው።

ፀደይን ከሌላው ወቅት የሚለየው መሬቱ ነው። አፈሩ ዝናብ ጠግቦ ከሆነ የፀሀዩ ጉልበት ውሀ በማትነን ያልቃል፣ ደርቆ ከሆነ ግን በቀጥታ አየሩን ያሞቀዋል፣ በዛ ላይ ዛፎቹ ገና ቅጠል ካላወጡ በቅጠል በኩል የሚተነውም ውሀ የለም። ባህሩ ደሞ ገና የክረምቱን ቅዝቃዜ እንደያዘ ነው፣ ስለዚህ ባህር ዳር ያለ ጣቢያ እስከ 6 ሰዓት ሲንደረደር ይቆይና ንፋሱ ከባህር ሲዞር በ20 ደቂቃ ውስጥ ሪከርዱ ውሀ ይበላዋል። ከበረሀ የሚመጣ አቧራም እንደዛው ነው፣ ፀሀዩን ይጋርድና ሁለት ሶስት ዲግሪ ይቀንሳል፣ ሞዴሎች ብዙ ጊዜ ይሄን በደንብ አይዙትም።

አንድ ራን፣ ማለትም ሞዴሉ አንዴ አስልቶ ያወጣውን ትንበያ፣ አይታችሁ አትጩሁ። የአሜሪካው ሞዴል ጂኤፍኤስ በቀን 4 ጊዜ ነው የሚወጣው፣ በ10ኛው ቀን ላይ 41 ዲግሪ ቢያሳይ ለመዝናናት ነው፣ በቀጣዩ ራን ይጠፋል። አንሳምብሉን፣ ማለትም የብዙ ራኖችን ስብስብ፣ ክፈቱ፣ የአውሮፓው ሞዴል መነሻቸው ትንሽ ትንሽ የተለያየ 50 ራኖች አሉት፣ መስመሮቹ ተሰብስበው አንድ ላይ ከወጡ ነገሩ የምር ነው፣ እንደ ተፈታ ክር ከተበተኑ ጠብቁ።

ቀኑ ሲደርስ ዋናው ስራ ሜታር የሚባለውን አጭር የአየር ሁኔታ ሪፖርት ማንበብ ነው፣ ኤርፖርቶች በየሰዓቱ ወይ በየግማሽ ሰዓቱ ያወጡታል። ውስጡ 34/08 የሚል ነገር ታገኛላችሁ፣ 34 ሙቀቱ ነው፣ 08 ደሞ የጤዛ ነጥቡ፣ ማለትም አየሩ ቢቀዘቅዝ ጤዛ መስራት የሚጀምርበት ሙቀት፣ ዝቅ ባለ ቁጥር አየሩ ደረቅ ነው። ሁለተኛውን ቁጥር አትናቁት። ከጠዋት ጀምሮ 14 ላይ ቆይቶ እኩለ ቀን አካባቢ ወደ 8፣ ወደ 5 መውረድ ከጀመረ ከላይ ያለው ደረቅ አየር እየተቀላቀለ ነው ማለት ነው፣ ሙቀቱም አብሮ ይዘላል። ሜታር ግን ወደ ሙሉ ዲግሪ ተጠጋግቶ ነው የሚጻፈው፣ በሁለት ሪፖርት መሀል ያለውንም ጫፍ አያሳይም፣ ስለዚህ 38 ካያችሁ 37.6ም 38.4ም ሊሆን ይችላል፣ የማታውን የጣቢያውን ከፍተኛ ጠብቁ፣ ኦጊሜት የሚባል የጣቢያ ዳታ ሳይት ላይ ይገኛል። ከፋራናይት ተቀይሮ የመጣ ቁጥር ከሆነ ደግሞ ሂሳቡን ራሳችሁ ድገሙት።

የመኪና ቴርሞሜትር፣ የባንክ ስክሪን፣ በረንዳ ላይ የተሰቀለ ሴንሰር፣ እነዚህን ተዉአቸው፣ የሚለኩት አስፋልቱንና ግድግዳውን ነው። የራሳችሁን መለኪያ የምታስቀምጡ ከሆነ ጥላ ውስጥ፣ አየር በሚያስገባ ነጭ ሳጥን፣ ከሳር በላይ ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ፣ ከህንጻ ራቅ አድርጋችሁ ይሁን።

ኦፊሴላዊ የሚባለው ጣቢያም ቢሆን ይሳሳታል። ሜይ 29 ቀን 2024 ዴልሂ ውስጥ ሙንጌሽፑር የሚባል ጣቢያ 52.9 አወጣና አለም ሁሉ ተቀባበለው፣ በኋላ የህንድ ሜትሮሎጂ ሲያጣራ ሴንሰሩ 3 ዲግሪ ከፍ አድርጎ ሲለካ ተገኘ። አንድ ጣቢያ ብቻውን ከጎረቤቶቹ 3፣ 4 ዲግሪ ከፍ ካለ መጀመሪያ መሳሪያውን ጠርጥሩ። የሊቢያው አል አዚዚያ 58 ዲግሪ እንኳን ከ1922 ጀምሮ የአለም ሪከርድ ተብሎ ቆይቶ በ2012 የአለም ሜትሮሎጂ ድርጅት ሰርዞታል፣ ልምድ የሌለው ሰው ነው ያነበበው ተብሎ። ስለዚህ ስትፖስቱ "ጊዜያዊ" የምትለዋን ቃል ጨምሩ፣ ምንም አትጎዳችሁም።

ሌሊቱንም አትርሱት። ሰው ሁሉ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ያፈጣል፣ ሰውነት የሚያርፈው ግን ሌሊት ስለሆነ ዝቅተኛው ሳይወርድ ሲቀር ነው በተለይ ሽማግሌዎች የሚጎዱት፣ ፀደይ ላይ ደግሞ ሰውነት ገና ሙቀቱን አልለመደም። አጠገባችሁ ብቻቸውን የሚኖሩ ትልቅ ሰው ካሉ ካርታውን ትታችሁ በራቸውን አንኳኩ።

መጨረሻ ላይ ቀዝቃዛው ግንባር (የሚመጣው የቀዝቃዛ አየር ፊት) ሲገባ ማየት ነው፣ ንፋሱ ይዞራል፣ ግፊቱ ከፍ ይላል፣ አንዳንዴ በአንድ ሰዓት ውስጥ 10 ዲግሪ ይወርዳል። ከዛ በፊት ግን የሞዴል ካርታዎቹን ስክሪንሹት አድርጋችሁ በቀንና በራን ሰዓት ስም አስቀምጡ፣ አብዛኛው ሳይት የድሮ ራን ከጥቂት ቀን በላይ አያቆይም።