የማያስፈልግ ፕሮግራም ከቤት ኮምፒውተር ላይ እንዴት ይራገፋል?

እህቴ ፒያሳ አካባቢ ካለ አንድ ሱቅ ያገለገለ ላፕቶፕ ገዛች። ሻጩ «ሶፍትዌሩ ሁሉ ተጭኖለታል» ብሏት ነበር። ቤት አምጥተን ስንከፍተው ሁለት አንቲቫይረስ፣ ሦስት የቪዲዮ ማጫወቻና ለምን እንደተጫኑ የማናውቃቸው ብዙ ፕሮግራሞች አገኘንበት፤ ለመነሣት እንኳ ብዙ ደቂቃ ይፈጅ ነበር። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቁጭ ብለን አጸዳነው።

መጀመሪያ ፎቶና ጽሑፍዎን ወደ ፍላሽ ይገልብጡ። ኮምፒውተሩ ባትሪ የሌለው ዴስክቶፕ ከሆነ መብራት እልም ብልጭ በሚልበት ሰዓት አይጀምሩ። ማራገፉ መሃል ላይ ከተቋረጠ ፕሮግራሙ በግማሽ ይቀርና በኋላ ለማስወገድም ያስቸግራል።

ብዙ ሰው ኮምፒውተሩ ሲከፈት በሚታየው የመነሻ ገጽ ላይ ያለውን ምልክት ሲሰርዝ ፕሮግራሙ የጠፋ ይመስለዋል። የሚጠፋው ግን አቋራጩ ብቻ ነው። ፎልደሩን መሰረዝም አያዋጣም፤ የፕሮግራሙ ምዝገባ ዊንዶውስ ውስጥ ይቀራል።

ትክክለኛው መንገድ ይህ ነው፦ ዊንዶውስ 11 ላይ «ስታርት»፣ «ሴቲንግስ»፣ «አፕስ»፣ ከዚያ «ኢንስቶልድ አፕስ» ይግቡ። በዊንዶውስ 10 የመጨረሻው «አፕስ ኤንድ ፊቸርስ» ይባላል። ዝርዝሩን በተጫነበት ቀን ይደርድሩት፤ በአንድ ቀን ተከታትለው የገቡ የማያውቋቸው ፕሮግራሞች ቶሎ ይታያሉ። የማይፈልጉትን መርጠው «አንኢንስቶል» ይበሉ። የሚመጣውን ጥያቄ ሳያነቡ አይጫኑ፤ አንዳንዱ ፕሮግራም እንዲቀር የሚያደርገውን ቁልፍ አጉልቶ ያቀርባል።

የሪልቴክና የኢንቴል ድራይቨሮችን (ዊንዶውስ የኮምፒውተሩን ዕቃዎች የሚያዝባቸውን ፕሮግራሞች)፣ ሌሎች ፕሮግራሞች ለመሥራት የሚደገፉባቸውን ቪዥዋል ሲ ፕላስ ፕላስ የሚሉትንም አይንኩ። ድምፅ ሊጠፋ፣ ሌሎች ፕሮግራሞችም አንከፈትም ሊሉ ይችላሉ።

ከሁሉ በላይ የምለምነው ግን ስለ ግዕዝ ፊደል መጻፊያ ፕሮግራሞች ነው። ላፕቶፑ ላይ አንድ የቆየ መጻፊያ ነበር፤ እህቴ በዊንዶውሱ የአማርኛ ኪቦርድ ስለምትጽፍ «እናጥፋው» አለች። ከፍላሽ የገለበጥናቸው የአባታችን የዕድር ደብዳቤዎች ግን በዚያው መጻፊያ ፎንት የተጻፉ ነበሩ። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ፊደልን የሚለዩበት የጋራ የቁጥር ሥርዓት) ውስጥ የገባው በ1999 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ነው፤ ከዚያ በፊት የተሠሩ ፎንቶች ፊደላችንን በላቲን ፊደል ቦታ ላይ አስቀምጠውት ነበር፤ በእነሱ መጻፉም ከዚያ በኋላ ለብዙ ዓመት ቀጥሏል። ፎንቱ ከፕሮግራሙ ጋር ከሄደ ደብዳቤው የላቲን ፊደልና የምልክት ድብልቅልቅ ይሆናል።

ስለዚህ አስቀድመው ይፈትኑ። ሰነዱን በወርድ ከፍተው ጽሑፉን ሁሉ ይምረጡና ፎንቱን «ኤብሪማ» ወደሚባለው የዊንዶውስ ፎንት ይቀይሩ። አማርኛው እንዳለ ከቆየ ዩኒኮድ ነው፤ አይፍሩ። ከተበላሸ ወደ ቀድሞው ይመልሱትና ፒዲኤፍ አድርገው ያስቀምጡ፤ ፒዲኤፍ ፎንቱን በውስጡ ይዞ ይቆያል። እኛም እንዲሁ አደረግን፤ መጻፊያውን ግን ለጥንቃቄ ተውነው።

አንቲቫይረስ አንድ ይበቃል፤ ሁለቱ እርስ በርስ ይጋጫሉ። ሁለቱንም ካስወጡ የዊንዶውስ ዲፌንደር ራሱ ሥራ ይጀምራል።

ሲጨርሱ ኮምፒውተሩን ሪስታርት ያድርጉ። ከዚያ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጭነው ታስክ ማናጀርን ይክፈቱ፤ «ስታርትአፕ» የሚለው ውስጥ ከኮምፒውተሩ ጋር አብረው የሚነሡት ተዘርዝረዋል። የማይፈልጉትን «ዲሴብል» ያድርጉ። በመጨረሻ ክሮም ውስጥ «ኤክስቴንሽንስ» (በብራውዘሩ ላይ የሚጨመሩ ትንንሽ ፕሮግራሞች) ገብተው እርስዎ ያልጨመሩት ነገር ካለ ያስወግዱት።